ከግጥምና ዜማ ደራሲነት ወደ ዳኝነት ወንበር፦ የሙያው መንገድ በባሕር ዳር

የዘፈን ግጥምና ዜማ ደራሲ ሥራው በየሰርጉና በየታክሲው ሲዘፈን እየዋለ እሱን በመልክ የሚያውቀው የሌለ ባለሙያ ነው። በካሴት ዘመን ስሙ የሽፋኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ በዩቲዩብ ቪዲዮ ሥር ባለው ማብራሪያ ውስጥ ይገኛል፣ ያውም ከተጻፈ። የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ሲመጣ ግን ይኸው ሰው ከመድረኩ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጠው። ባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ድርሻ አላቸው፤ ደራሲ ያፈራሉ፣ ተወዳዳሪም ይልካሉ።

የሥራ ክፍፍሉ

አንድ የአማርኛ ዘፈን ቢያንስ በሦስት እጅ ያልፋል፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ይልማ ገብረአብ በግጥም፣ አበበ መለሰ በዜማ ለበርካታ ድምፃውያን ሠርተዋል፤ የአንዱ ስም ሲነሣ የሌላውም አብሮ የሚነሣው ለዚህ ነው። ኤልያስ መልካን የመሰሉ ደግሞ ዜማውንም ቅንብሩንም በአንድ እጅ ይዘው ዘልቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ዜማ ይቀድማል። የዜማ ደራሲው ትርጉም በሌለው ቃል፣ በ«ላ ላ ላ» ወይም በማንጎራጎር፣ ስልኩ ላይ ይቀዳና ለገጣሚው ይልካል። ገጣሚው ያንን ሰምቶ ቃል ይገጥምለታል። ግጥም ሲቀድም ስንኙ አስቀድሞ የተለካ ስለሚሆን ዜማው ጠባብ በር ነው የሚያገኘው፤ በአንጻሩ ቃሉ ሳይጨፈለቅ ይወጣል።

ትምህርቱ ከየት ይገኛል

ባሕር ዳር ላይ ለዚህ ሙያ የተለየ ትምህርት ቤት መፈለግ አያስፈልግም፤ ሦስት ቤቶች ያስተምራሉ። አንደኛው የቅኔ ቤት ነው። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ነው፤ ጉባኤ ቃና፣ ማለትም ባለሁለት መስመሩን ቅኔ፣ ቆጥሮ ያደገ ልጅ ዘፈን መጻፍ ሲጀምር ሁለት መስመር ውስጥ ሰምና ወርቅ ማኖር አይከብደውም። ሁለተኛው አዝማሪ ቤት ነው። እዚያ ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው እየተቀበለ ያወጣዋል። የማያስቅ ስንኝ ወዲያው ይታወቃል። ሦስተኛው እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያሉ የኪነት ቡድኖች ናቸው። ደራሲው ስንኙ ከውዝዋዜና ከከበሮ ጋር ሲገጥም ምን እንደሚሆን የሚያየው በእነዚህ ልምምድ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ቤት ብቻ የመጣ ደራሲ ግጥሙ ይከብዳል፤ ከሁለተኛው ብቻ የመጣ ቶሎ ያስቃል፣ ቶሎም ይረሳል። ከሁለቱም የቀመሰ ነው የሚዘልቀው።

ስንኝ ሲለካ

የአማርኛ ዘፈን በብዛት የሚሄደው የወል ቤት በሚባለው የስንኝ ልክ ነው፤ አንድ መስመር 12 ቀለም (ተለይቶ የሚሰማ የቃል ክፍል) ሆኖ 6 በ6 ይከፈላል። ሰንጎ መገን 5 በ5 ነው፣ ለፈጣን ዘፈን ይመቻል። ሲቆጠር ፊደል ሳይሆን የሚሰማው ቀለም ነው የሚቆጠረው፤ ሳድስ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ይዋጣል። ይህችን ሁለት መስመር እንመልከት፦

ከጣና ተነሥቶ ሲሄድ እያየሁት
ዓባይ መሆኑን ግን ዛሬ ነው ያወቅሁት

«ከ-ጣ-ና-ተ-ነሥ-ቶ» 6፣ «ሲ-ሄድ-እ-ያ-የ-ሁት» 6። ሁለተኛውም መስመር እንዲሁ ነው። ሰሙ ወንዙ ነው፤ ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ባሕር ዳር ጫፍ ላይ ነው። ወርቁ ዋሾው ወዳጅ ነው፤ «ዓባይ» ውሸታም ማለትም ነውና። ትርጉሙ የተንጠለጠለው «ዓባይ» ላይ ስለሆነ ዜማው እዚያ ቃል ላይ ትንሽ መቆም አለበት። አቀናባሪው እዚያው ቦታ የከበሮ ምት ወይም የሳክስፎን ምላሽ ከከመረበት ወርቁ ይቀበራል። ግጥም ደራሲና አቀናባሪ የሚጣሉት በአብዛኛው በዚህች ግማሽ ሰከንድ ነው።

ሌላው ጣጣ ማጥበቅና ማላላት ነው። ዜማ የላላውን ድምፅ ካጠበቀው ቃሉ ሌላ ይሆናል። «ዋና» ሲላላ ሐይቅ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ወይም ዐቢይ ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ወረቀት ላይ ስህተቱ አይታይም። መፍትሔው ዘፈኑን ከመስጠት በፊት ግጥሙን ያለ ዜማ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያ ማዜም፣ ሁለቱ የተለያዩበትን ቃል ማክበብ ነው። የተከበበው ቃል ይቀየራል፤ ዜማውን መቀየር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቅኝት

አራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚመላለስባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው፤ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ሙዚቀኞቹ ትዝታ ማይነር የሚሉት ይሆናል። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶ፣ ዝቅ ያለ ላ። አንቺሆዬ እንደ አምባሰል ይጀምርና አራተኛውና አምስተኛው ላይ ይለያል፦ ሶ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ላ ግን ሙሉውን ይቆማል።

ተወዳዳሪ የሚወድቅበት ቦታም ይኸው ነው። አንቺሆዬ የጀመረ ድምፅ ሲደክም አራተኛዋን ድምፅ ከፍ፣ አምስተኛዋን ዝቅ ያደርግና ሳያውቀው አምባሰል ውስጥ ይገባል። ትዝታ ማይነርና አምባሰል ደግሞ የሚጠቀሙባቸው ድምፆች አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው። ስለዚህ ማረፊያውን የሳተ ልጅ አንድም የተሳሳተ ድምፅ ሳያወጣ «ከቅኝት ወጣህ» ሊባል ይችላል። ዳኛው ይህን ሳያብራራ ካለፈ ልጁ ምን እንደተባለ ሳይገባው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ክፍያና ውል

ለረጅም ጊዜ ልማዱ ዘፈን በጥሬ ገንዘብ በአንድ ጊዜ መሸጥ ነበር፤ ደራሲው ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ዘፈኑ ቢታወቅም ባይታወቅም ተመልሶ የሚመጣ ነገር የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ሥራው ወጥና ግዙፍነት ያገኘ፣ ማለትም የተጻፈ ወይም የተቀዳ ከሆነ ይበቃል። ሆኖም ክርክር ሲነሣ የተመዘገበ ቅጂ ያለው ሰው ቀላል ጊዜ ያሳልፋል።

ውል ላይ ሊዘለሉ የማይገባቸው ነገሮች፦ የዘፈኑ ርዕስና የመጀመሪያ ስንኞች፣ የተሸጠው ግጥሙ ነው ዜማው ወይስ ሁለቱም፣ ለካሴትና ሲዲ ብቻ ነው ወይስ ለኢንተርኔትና ለማስታወቂያም፣ ለስንት ዓመት፣ ስሙ እንዴት ይጻፋል። «ሙሉ በሙሉ ሸጫለሁ» የምትለው አንድ መስመር ብዙ ቤት አፍርሳለች። የሕዝብ ዜማ ወስዶ በራስ ስም ማስጻፍ ደግሞ በተቃራኒው ያለ በሽታ ነው። በጣና ዙሪያ ሰርግ ላይ ሲዘፈን የኖረ ዜማ የማንም ግል አይደለም፤ ግጥሙ አዲስ ከሆነ «ዜማ፦ ሕዝብ» ተብሎ መጻፍ አለበት።

ወደ ቴሌቪዥን

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይተላለፍ በነበረው ኢትዮጵያን አይድል ላይ ዳኛ የነበረው የሙዚቃ መምህር ፈለቀ ኃይሉ በጠንካራ ፍርዱ በመላ አገሪቱ ታወቀ። ከድርሰት ወደ ወንበር የሄደውን መንገድ በግልጽ የሚያሳየው ግን አብርሃም ወልዴ ነው። በግጥምና ዜማ ደራሲነት የሚታወቀው አብርሃም ባላገሩ አይድልን መሠረተ፤ የመጀመሪያው ዙር አሸናፊ ዳዊት ጽጌ ነበር። ከዚያም የውድድሩ ስም የቴሌቪዥን ጣቢያ ስም ሆነ። ፋና ላምሮትም በተራው የድምፅ ውድድርን የሳምንቱ ቋሚ ፕሮግራም አደረገው። ባሕር ዳር ላይ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) መቀመጫው በመሆኑ የከተማዋ ደራሲ ካሜራ ፊት ለመቀመጥ የግድ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ አይጠበቅበትም። ለቀረጻ ግን አሁንም ይጓዛል፤ ታዋቂዎቹ አቀናባሪዎች ያሉት እዚያ ነው።

አዘጋጆች ደራሲን ለምን ይፈልጋሉ? ድምፃዊ ዳኛ ድምፅ ይሰማል፣ የሙዚቃ መምህር ቅኝትና ሪትም ይሰማል፣ ቃሉን የሚሰማው ደራሲው ነው። ተወዳዳሪው «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቃል ቀየርክ» ሲባል የሚደነግጠው ማንም አያስተውለውም ብሎ ስለነበር ነው።

የምርጫው ቀን

ተወዳዳሪዎች የሚለዩበት የክልል ምርጫ ብዙውን ጊዜ በአዳራሽ ወይም በሆቴል ይካሄዳል። የመጀመሪያው ዙር ያለ ሙዚቃ ነው፤ ተወዳዳሪው ቁጥር ደረቱ ላይ ለጥፎ ይገባል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይዘፍናል፣ ይቆማል። ያለፉት በባንድ ይሞከራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዙር የዳኞችን ነጥብና የተመልካቹን የስልክ መልእክት ድምፅ አብሮ ይይዛል።

በዚህ ደረጃ የሚጥለው የድምፅ ማነስ አይደለም። ከፍ ካለ መነሻ መጀመር ነው። ልጁ በድንጋጤ ከለመደው በላይ አንሥቶ ይገባል፣ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ይዘጋል። መላው ቀላል ነው፦ ወረፋ ላይ ሆኖ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ዝቅ ባለ ድምፅ መሞከር፣ እሱ ከተመቸ ከዚያ ወደ መግቢያው መውረድ። ሁለተኛው ወረፋው ራሱ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሲለማመድ የዋለ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ተራው ሲደርስ ድምፁን ጨርሶታል። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣው ጠዋት ሐይቁ ሳይናወጥ ተሻግሮ ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ መመለሻው ይከብዳልና ሲዘፍንም ልቡ ጀልባው ላይ ነው።

ማሲንቆ ይዞ የሚመጣ በክረምት ሌላ ሥራ አለበት። እርጥበት ቆዳውን ያረግበዋል፣ የፈረስ ጭራው ይላላል፤ ቤት የተቃኘው ማሲንቆ አዳራሽ ሲደርስ ወርዶ ይገኛል። ፀሐይ ወይም እሳት አጠገብ ማቆየት፣ ከመግባት በፊት እንደገና መቃኘት፣ ደጋኑን በዕጣን ማሸት ይገባል። ከሙቀቱ ወጥቶ ወዲያው የገባ ደግሞ መሃል ላይ ይወርድበታል፤ ጥቂት ማሳረፍ ይሻላል።

ለዳኛው ከባዱ ቀረርቶና እንጉርጉሮ ናቸው። ቋሚ ምት የላቸውም፤ በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ መሣሪያ) ጆሮ የሚሰማ ዳኛ «ሪትም ሳትክ» ብሎ የጎጃምን ልጅ ያለ ጥፋቱ ይጥለዋል። የአገር ቤት ቅላጼም እንዲሁ፣ ድምፅ ማወዛወዙ ስህተት መስሎ ይሰማል። እዚህ ያደገ ደራሲ ወንበሩ ላይ ካለ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ለባልደረባው ዘወር ብሎ «ይሄ የቀረርቶ አያያዝ ነው» የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ወንበሩ የሚያመጣው ጣጣ

ተወዳዳሪ የዳኛውን የራሱን ዘፈን ይዞ ሲመጣ ይታያል፤ አንዳንዱ ለማስደሰት ነው፣ አንዳንዱ ዘፈኑ የማን እንደሆነ አያውቅም። ደግ ደንብ ያለው ዝግጅት በዚያ ዘፈን ላይ ያ ዳኛ ነጥብ እንዳይሰጥ ያደርጋል። ዘመድ፣ ተማሪ ወይም ዘፈን የሸጠለት ልጅ ሲመጣም እንደዚያው ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ አሸናፊው አዲስ ዘፈን ይፈልጋል፣ መጀመሪያ የሚደውለውም ለዳኛው ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ድርድሩ ውድድሩ ሳያልቅ ከተጀመረ ነው።

ድርሰቱም ይጎዳል። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ ደራሲ ደካማ ዘፈን ሲጽፍ የሚነግረው ሰው ያጣል፤ ድምፃዊው ያፍረዋል፣ አቀናባሪው ዝም ይላል። ጥሩዎቹ ስማቸውን ደብቀው ግጥማቸውን በሌላ ሰው እጅ ለድምፃዊ ይልካሉ።

በምርጫ ሰሞን ደግሞ በር ላይ ወረቀት የሚያቀብል ብዙ ነው፤ «ጋሼ፣ ይቺን ግጥም እዩልኝ» እያለ። ልምድ ያለው ዳኛ እንዲሁ አይቀበልም። የጸሐፊው ስምና ቀን እንዲሰፍርበት ያደርጋል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል፣ ዋናውን ለባለቤቱ ይመልሳል። ከዓመት በኋላ የሚመሳሰል ስንኝ በሬድዮ ቢሰማ ማን መቼ ምን እንደጻፈ የሚታወቀው በዚያች ፎቶ ነው።