ማርሽ ኃይል አይወልድም፦ ስለ ማይንክራፍት የማሽን ሞዶች ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር፣ ፖሊ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ነው፤ ሥራዬ ግን በአብዛኛው ዊንዶውስ መጫንና ስክሪን መቀየር ነው። ቅዳሜና እሁድ ልጆች ይመጣሉ። አንዱ ላፕቶፕ ይዞ፣ አንዱ ፍላሽ ይዞ፣ ሌላው ጥያቄ ብቻ ይዞ። ጥያቄው ማይንክራፍት ነው፤ በብሎክ ዓለም የሚገነባበት ጨዋታ። በተለይ ማሽንና ኃይል የሚጨምሩት ሞዶች (ጨዋታው ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ፋይሎች)፦ ክሪኤት፣ ኢመርሲቭ ኢንጂነሪንግ፣ መካኒዝም።

መጠየቃቸው ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ያው ስህተት በየሳምንቱ በአዲስ አፍ መምጣቱ ነው። አንዱ ዩቲዩብ ላይ በግማሽ ጆሮ ይሰማል። ለጓደኛው ይነግረዋል። ጓደኛው ለክፍሉ ያዳርሳል። ሰኞ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ተሳስቷል። እኔም ማስረዳት ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ጠያቂ “ሂድ አንብብ” ልበለው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልጨርስ።

“ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ክሪኤት ጫንልኝ።” ስልክህ ላይ ያለው ቤድሮክ የሚባለው የጨዋታው ዓይነት ነው። እነዚህ ሞዶች የተሠሩት በኮምፒውተር ለሚሠራው ለጃቫ ኤዲሽን ነው። ሁለቱም ማይንክራፍት ይባላሉ፣ ውስጣቸው ግን ለየብቻ ነው። ለቤድሮክ አድኦን የሚባል ነገር አለ። ክሪኤትን የሚመስል አድኦን ብታገኝም ክሪኤት አይደለም።

“ሞድ መጫን ሃክ ማድረግ ነው።” አይደለም።

“ፎርጅም ፋብሪክም ያው ነው።” ያው አይደለም። ሁለቱም ሎደር ናቸው፣ ሞዱን ጨዋታው ላይ የሚያስነሱ ፕሮግራሞች። ለፋብሪክ የተሠራ ሞድ ፎርጅ ላይ ዝም ብሎ አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ኒዮፎርጅ ከፎርጅ ተገንጥሎ ወጣ፤ አሁን ዋና ዋናዎቹ ምርጫዎች ሦስት ናቸው። የጨዋታው ቨርዥንም መግጠም አለበት። ለ1.20.1 የወረደ ፋይል 1.21.1 ላይ አይሠራም። ከማውረድህ በፊት ሁለት ነገር እይ፦ የትኛው ሎደር፣ የትኛው ቨርዥን። በሞባይል ዳታ አውርደህ ሳይሠራ ሲቀር የሚያለቅሰው ኪስህ ነው።

“ራም በሰጠሁት ቁጥር ይፈጥናል።” 8 ጊጋ ያለው ላፕቶፕ ላይ ለጨዋታው 7 ከሰጠኸው ዊንዶውስ በምን ይተንፍስ? 4 ስጠው። ከዚያ ሞዶቹን ቀንስ።

“ሬድስቶን ኤሌክትሪክ ነው።” ሬድስቶን፣ ያ ጨዋታው ውስጥ ያለው ቀይ ዱቄት፣ ትእዛዝ ነው። ከ0 እስከ 15 ጥንካሬ ያለው ምልክት ይልካል፤ ዱቄቱ ላይ 15 ብሎክ ከሄደ በኋላ ይሞታል። ማሽኑን “ጀምር” ወይም “ቁም” ሊለው ይችላል። የሚበላውን ኃይል ግን አይሰጠውም። ፋብሪካህን በሬድስቶን ዱቄት ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኝተህ “አይሠራም” አትበለኝ።

“የኢመርሲቭ ኢንጂነሪንግ ሽቦ ጌጥ ነው።” ኃይል የተሸከመውን ባዶ ሽቦ ንካውና እንነጋገራለን። ያልተሸፈነ ሽቦ ይነዝራል። ሰው በሚያልፍበት ቦታ የተሸፈነውን ዘርጋ።

አሁን ትንሽ ወደሚያስረዝመው።

“ባትሪ ስጨምር ኃይሌ ይጨምራል።” ባትሪ ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም። ስለ ስልካቸው ይህን አሳምረው የሚያውቁ ልጆች ጨዋታው ውስጥ ሲገቡ ይረሱታል። በቁጥር እንየው። ጨዋታው ጊዜን የሚቆጥረው በቲክ ነው፤ በሰከንድ 20 ቲክ አለ። ጄኔሬተርህ በቲክ 40 ዩኒት ይሰጣል እንበል። ማሽኖችህ በቲክ 60 ይበላሉ። በየቲኩ 20፣ በየሰከንዱ 400 ትከስራለህ። የኢመርሲቭ ኢንጂነሪንግ ትንሹ ካፓሲተር (የዚያ ሞድ ባትሪ) 100,000 ዩኒት ይይዛል። ሞልቶ ቢጀምር እንኳ በ250 ሰከንድ ባዶ ይሆናል። አራት ደቂቃ ከምናምን ማለት ነው። ሁለተኛ ካፓሲተር ስትጨምር ስምንት ደቂቃ አገኘህ። ከዚያ ያው ቆመ። የሚያስፈልግህ ሌላ ጄኔሬተር ነው፤ አለዚያ አንድ ማሽን አጥፋ።

“ፏፏቴው ከፍ ባለ ቁጥር የውሃ ጎማው ብዙ ኃይል ይሰጣል።” ይህኛው የኛ ከተማ ስህተት ይመስለኛል። ጢስ እሳትን አይቶ የተመለሰ ልጅ ሁሉ ይህን ይዞ ይመጣል። ደግሞ ከጨዋታው ውጭ ትክክል ነው! የውሃ ኃይል የሚለካው በውሃው መጠንና በሚወርድበት ከፍታ ነው። ጢስ እሳት 45 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እዚያ ያሉት ሁለት ጣቢያዎች ጢስ አባይ 1 እና 2፣ 11.4 እና 73 ሜጋ ዋት ናቸው። ጣና በለስ ግን ያንኑ የጣና ሐይቅ ውሃ በዋሻ ወስዶ ከ300 ሜትር በላይ ያወርደዋል። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ውሃው ያው የጣና ውሃ ነው፤ ትልቁን ልዩነት ያመጣው ከፍታው ነው።

ክሪኤት ግን ይህን ፊዚክስ አልጻፈውም። ትንሹ የውሃ ጎማ የሚፈስ ውሃ ከነካው በደቂቃ 8 ዙር ይዞራል። ውሃው ከሁለት ብሎክ ይውረድ ከመቶ ብሎክ፣ ግድ የለውም። የሽምብጥ ልጅ አንድ ጊዜ ከተራራ ጫፍ ያወረደውን ፏፏቴ ሊያሳየኝ ላፕቶፑን ተሸክሞ መጣ። እውነት ለመናገር ያምራል። ከታች ግን ያለው አንድ ጎማ ነው። የሚሰጠውም ጓሮ ቦይ ውስጥ ያለ ጎማ የሚሰጠውን ያህል ነው። ከፍታው የሚጠቅመው ጎማ ለመደርደር ነው፤ ረጅም መውረጃ ካለህ በጎኑ ብዙ ጎማ ታቆማለህ፣ አቅማቸውም ይደመራል። ሲገናኙ የሚዞሩበት አቅጣጫ እንዳይጋጭ ብቻ ተጠንቀቅ፤ ከተጋጨ ማገናኛው ይሰበራል። ከፍታ ራሱ ኃይል እንዲሰጥህ ከፈለግህ መካኒዝም ውስጥ የነፋስ ጄኔሬተር አለ። እሱ ከፍ ባልክ ቁጥር ይጨምራል።

አሁን ዋናው። ቁርሴን የሚያስተፋኝ።

“ማርሽ ስጨምር ኃይል ይጨምራል።”

ክሪኤት ላይ ትልቅ ማርሽ ትንሽ ማርሽን ሲያዞር የትንሹ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ልጁ 8 ዙር የነበረው 16 ሲሆን ያያል። ሌላ ጥንድ ይጨምራል፣ 32። ሌላ፣ 64። “ኃይሌን ስምንት እጥፍ አደረግሁት” ይላል። ፕሬሱን፣ ብረት የሚጨፈልቀውን ማሽን፣ ያገናኛል። ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ከዚያ እኔ ጋ፦ “ጋሼ፣ ሞዱ ተበላሽቷል።”

ሞዱ ደህና ነው። ፍጥነትና አቅም ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ፍጥነቱ በደቂቃ የዙር ብዛት ነው። አቅሙን ጨዋታው ኤስዩ በሚባል መለኪያ ይቆጥረዋል። ትንሹ የውሃ ጎማ 256 ኤስዩ ይሰጣል። ማርሽ ብትደረድር ባትደረድር 256 ነው። የሚለወጠው የማሽኑ ፍጆታ ነው። ፕሬስ ለእያንዳንዱ ዙር 8 ኤስዩ ይጠይቃል። በ8 ዙር 64 ይበላል፤ ስለዚህ አንድ ጎማ አራት ፕሬስ ይችላል። በ16 ዙር 128 ይበላል፤ ሁለት ፕሬስ። በ32 ዙር 256፤ አንድ ፕሬስ ብቻ። በ64 ዙር 512 ይጠይቃል፣ አንተ ያለህ 256 ነው። ጭነቱ ከአቅሙ ሲበልጥ ደግሞ የሚቆመው ያ ማሽን ብቻ አይደለም። በዚያ መስመር ላይ የተገናኘው ሁሉ ይቆማል።

በጣም የሚገርመኝ ይህን የሚሳሳቱት የባሕር ዳር ልጆች መሆናቸው ነው። ሳይክል ላይ ያደጉ ልጆች! ማርሽ ያለው ሳይክል ነድተህ ታውቃለህ። ሜዳው ላይ ከባዱን ማርሽ ስታስገባ አንድ ጊዜ ረግጠህ ሩቅ ትሄዳለህ። በዚያው ማርሽ የቤዛዊትን ዳገት ሞክር። ፔዳሉ እንቢ ይልሃል። ማርሹ ጉልበት ጨመረልህ እንዴ? እግርህ ያው እግር ነው። ማርሹ ያደረገው ያንኑ ጉልበትህን ወደ ፍጥነት መለወጥ ነው፤ ዳገቱ ሲመጣ ዋጋውን ጠየቀህ። ክሪኤት እዚህ ላይ ከእውነተኛው ዓለም ጋር አንድ ነው። ስለ ፏፏቴው ዓለምን አምነው ጨዋታውን ይሳሳታሉ፤ እዚህ ጨዋታው ዓለምን ሲከተል ደግሞ የገዛ እግራቸውን አያምኑም።

ፍጥነት ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ፕሬስ ሲፈጥን በደቂቃ ብዙ ይሠራል። አንዳንዱ ማሽን እንዲያውም ዝቅተኛ ፍጥነት አለው። ሚክሰሩ (ዕቃ የሚያዋህደው ማሽን) ከ30 ዙር በታች አይሠራም፤ በ8 ዙር አገናኝተህ ቁጭ ብለህ ብትጠብቅ ሌሊቱ ይነጋል። ለእሱ ሁለት ጊዜ አጥፈህ 32 አድርስ። ያኔ 128 ኤስዩ ይበላል፣ ማለትም የአንድ ጎማ ግማሽ። ለሌሎቹ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገህ ተወው። መስመሩን ለሁለት ክፈለው፤ ፈጣኑ ለብቻ፣ ዘገምተኛው ለብቻ።

የኢንጂነሩን መነጽር ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሥራ። ርካሽ ነው። አጥልቀህ ማሽን ስታይ ስንት እንደሚበላ ይነግርሃል። ጭነት መለኪያውን መስመሩ ላይ አቁም፤ ከአቅምህ ስንቱን እንደያዝክ ያሳይሃል። እኔ ጋ “ተበላሸ” ብለው ከሚመጡት ዓለሞች አብዛኞቹ ውስጥ መነጽርም መለኪያም የለም። ቁጥር ሳያዩ ማርሽ ይደረድራሉ። ወረቀት አውጥቼ የማሽኖቻቸውን ፍጆታ ሳስደምራቸው ደግሞ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ለጨዋታ መጥተው ሒሳብ አሠራኋቸው።

የማርሹ ስህተት አንድ ታናሽ ወንድም አለው። “ሞተሩ ዳይናሞውን ያዞራል፣ ዳይናሞው ሞተሩን ይመግባል።” በለውጡ ላይ ኃይል ይባክናል። ተወው።

“መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ነው፣ ከዚያ ሌላው።” ክሪኤት ብቻውን ኤሌክትሪክ የለውም። ያለው ዙር ነው፤ ዙሩን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ተጨማሪ ሞድ ይፈልጋል። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ነው። ማርሹ ሲዞር በዓይንህ ታያለህ፤ የቆመው የት እንደሆነ ታያለህ። ሽቦ ውስጥ ያለው ኃይል አይታይም። ስለዚህ እኔን ብትሰማኝ በክሪኤት ጀምር፣ ብቻውን። ዕቃው ላይ ጠቋሚውን አድርገህ “ደብልዩ”ን ተጭነህ ያዝ፤ እንዴት እንደሚሠራ በተንቀሳቃሽ ምስል ያሳይሃል። እንግሊዝኛ ባይገባህም ይገባሃል። ከዚያ ኢመርሲቭ ኢንጂነሪንግ፣ ከዚያ መካኒዝም። በመጀመሪያው ሳምንት የመካኒዝምን ሪአክተር ልሥራ የሚል ልጅ መንደሩን አፈንድቶ ይመጣል።

አንድ አባት “ይሄ ነገር ልጄን ኢንጂነር ያደርገዋል?” ብለውኛል። አያደርገውም፣ አባባ። መደመር ግን ያስለምደዋል።

የመጨረሻው፦ “ጨዋታው ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ መብራት ቢሄድም ምንም አይሆንም።” ሴቭ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ግን ፋይሉን እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕና ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከዚህ አያመልጡም። ወራት የሠራውን ከተማ መክፈት አቅቶት የመጣ ልጅ አውቃለሁ፤ የተረፈው ለጓደኛው ኮፒ ስለሰጠው ብቻ ነው። የማይንክራፍት ፎልደር ውስጥ “ሴቭስ” የሚባል አለ። የእያንዳንዱ ዓለም ፎልደር እዚያ ነው። ጨዋታውን ዝጋ፣ ፎልደሩን ኮፒ አድርግ፣ ፍላሽ ላይ ለጥፍ፣ ቀኑን ጻፍበት። ኮፒውን እዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ አታስቀምጥ፤ ዲስኩ ከሄደ ሁለቱም ይሄዳሉ። ሞድ ከማሳደግህ ወይም ከመቀነስህ በፊትም እንዲሁ አድርግ። አንድ ሞድ ስታወጣ የሱ ማሽኖች በሙሉ ከዓለምህ ይጠፋሉ፤ ሞዱን መልሰህ ብታስገባውም ማሽኖቹ አብረውት አይመለሱም።