ሜታስታሲስ ምንድን ነው?

«የጡት ካንሰርን ድል አድርገው ነበር፤ በኋላ ግን የጉበት ካንሰር ገደላቸው።» አሜሪካዊቷን ጠበቃ ኤልሳቤጥ ኤድዋርድስን በፍቅር የሚያስታውሱ አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ይላሉ። ከታካሚ ቤተሰቦችም ይህንኑ ስሰማ ዓመታት አልፈዋል። ስሕተት ነው፤ ሰውም ይጎዳል።

ኤልሳቤጥ በኖርዝ ካሮላይና የኪሳራ ሕግ ጠበቃ፣ የአራት ልጆች እናት ነበሩ። የበኩር ልጃቸው ዌድ እ.ኤ.አ. በ1996 በ16 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሲሞት ጥብቅናቸውን ተዉ፤ ከባለቤታቸው ጋር በስሙ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ በነጻ የሚገለገሉበት የኮምፒውተር ማዕከል በራሌይ ከተማ ከፈቱ። በ2004 የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። በ2007 አጥንታቸው ላይ ታየ። በታኅሣሥ 2010 ጉበታቸው ጋ መድረሱ በተነገረ ማግስት በ61 ዓመታቸው አረፉ። እነዚህ ሦስት በሽታዎች አይደሉም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጡት ካንሰር ነው።

ሜታስታሲስ ማለት የካንሰር ሴሎች ከተነሡበት ቦታ ተላቀው፣ በደም ወይም በሊምፍ (በሰውነት ውስጥ በራሱ ቱቦዎች በሚዘዋወር ፈሳሽ) ተጉዘው፣ ሌላ አካል ላይ ማደጋቸው ነው። የለንደኑ ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ መርምሮ ካንሰሩ ጉበትን እየመረጠ ጣፊያን የሚተወው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። መልሱን በዘርና በአፈር መሰለው፤ ዘሩ የካንሰሩ ሴል፣ አፈሩ ሴሉ የሚያርፍበት አካል ነው። በእኛ አገር ብናየው፣ ጎርፍ የጤፍ ዘር ጠርጎ ታች ካለ የስንዴ ማሳ ላይ ቢጥለው የሚበቅለው ጤፍ ነው። ስንዴ ማሳ ላይ በቀለ ብሎ ስንዴ የሚለው ገበሬ የለም። ድንጋይ ላይ የወደቀው ዘር ይቀራል፤ የተመቸው ይበቅላል፤ ሌላው ደግሞ አፈር ውስጥ ተደብቆ ዝናብ ይጠብቃል።

«ድል አድርገው ነበር» የሚለውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተደበቀውን ዘር የትኛውም ራጅ ወይም ሲቲ ስካን አያሳይም። ለሆርሞን ምላሽ የሚሰጡ የጡት ካንሰሮች ከ10፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በኋላ ሊመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ እኛ ሐኪሞች «የሚታይ ነገር የለም» የምንለው ሆዳችን ውስጥ ምስጢር ይዘን ሳይሆን የምናውቀው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። ተሰራጨ ማለትም ነገ ሞት ማለት አይደለም። ኤልሳቤጥ ከ2007 በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ሁሉም ሰው የጤና መድን እንዲኖረውም ተሟግተዋል።

«ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል?» ለሚሉኝ፦ ሕክምናው የሚከተለው ዘሩን እንጂ ማሳውን አይደለም። ጉበት ላይ ላለ የጡት ካንሰር የሚሰጠው የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። ከጉበት የሚነሣው ካንሰር ሌላ ነው፤ ዋና መነሻዎቹም ሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም አልኮል ናቸው። «ጉበት» የሚለውን ብቻ የሰማ ቤተሰብ ግን የወፍ በሽታ ነው ብሎ ቅጠል ፍለጋ ይወጣል፤ የታማሚዋ ጊዜ ያልፋል።

ምሳሌው የማይሸከመው ነገርም አለ። ጤፍ ጎርፍ ስለወሰደው ጠባዩ አይለወጥም፤ የካንሰር ሴል ግን አንዳንዴ ለሆርሞን የነበረውን ምላሽ በመንገድ ላይ ያጣል። ስለዚህ ከተቻለ ከአዲሱ ቦታ ናሙና እንወስዳለን። ናሙናው አልፎ አልፎ በእርግጥም ሁለተኛ፣ ራሱን የቻለ ካንሰር ያሳያል፤ ቢአርሲኤ በሚባለው ዘረ መል ላይ የሚወረስ ለውጥ በተሸከመች ሴት የጡቱን ተከትሎ የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚፈጠርበት አካል) ካንሰር ሊመጣ ይችላል። ይህን የሚለየው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ ነው፤ የለቅሶ ቤት ወሬ አይደለም።

ልጆችም አሉ። አንዲት ሴት ምርመራ ክፍል ገብታ «እናትሽ በምን አረፉ?» ስትባል «በጉበት ካንሰር» ካለች፣ ሐኪሙ ስለ ጡቷ ቀደም ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አያገኝም። አብዛኛው የጡት ካንሰር በዘር የሚወረስ አይደለም፤ ቢሆንም እናቷ የታመመችባት ሴት ክትትል ብዙ ጊዜ ከሌሎች ቀድሞ ይጀመራል። ለዚህም የእናቲቱ የመጀመሪያ ምርመራ ውጤት፣ በሽታው ሲገኝ ከነበራት ዕድሜ ጋር፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሊቆይ ይገባል።