ጅብራ ላይ ያየነው ወፍ ሀሚንግበርድ ነው እንዴ?

አበባ ላይ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ወፍ ያየ ሰው ወዲያው ፎቶ አንስቶ "ሀሚንግበርድ" ብሎ ይለጥፋል፣ ግን አይደለም፣ ሀሚንግበርድ ያለው ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው፣ እኛ ጋ ያለው ሰንበርድ ነው የሚባለው። ሁለቱም ምንቃራቸው ቀጭን ነው፣ ከአበባ ውስጥ ጣፋጩን ፈሳሽ ይጠጣሉ፣ ላባቸው ፀሐይ ሲነካው ያብለጨልጫል፣ ግን የቅርብ ዝምድና የላቸውም፣ አኗኗራቸው ስለተመሳሰለ ነው መልካቸው የተመሳሰለው።

ልዩነቱ አበባው ጋ ሲደርሱ ይታያል። ሰንበርድ አብዛኛውን ጊዜ ግንዱን ቆንጥጦ ተቀምጦ ነው የሚጠጣው፣ ሀሚንግበርድ ግን አየር ላይ ባለበት ቀጥ ብሎ ይጠጣና ሲጨርስ ወደ ኋላ እየበረረ ይወጣል!

እኔን በጣም የሚገርመኝ ከቬንዙዌላ እስከ ቦሊቪያ የአንዲስ ተራራ ጫካ ውስጥ ያለው ባለ ሰይፍ ምንቃሩ ሀሚንግበርድ ነው፣ ጭራው ካልተቆጠረ ምንቃሩ ከሰውነቱ ይረዝማል፣ እና በሱ ላባውን ማበጠር ስለማይችል በእግሩ ነው የሚያክከው፣ ሲያርፍም ምንቃሩን ወደ ላይ ቀስሮ ነው።

የኛው ደግሞ የራሱ ስም አለው እኮ፣ ደጋ ላይ ጅብራ ላይ የምናየው ወይን ጠጅ ቀለሙ ወንድ በወንዛችን ስም ነው ዓለም የሚያውቀው፣ ተከዜ ሰንበርድ።