«ድፍን ነው የያዝኩት»

ድፍን ማለት ያልተዘረዘረ የወረቀት ብር ነው። አንድ ኖት፣ ብቻውን። ኪሱ ውስጥ ሁለት የመቶ ብር ኖት ያለው ሰው ሁለት መቶ ብር አለው፤ «ድፍን ሁለት መቶ አለኝ» ግን አይልም።

የቃሉ ሥር «ደፈነ» ነው፤ ቀዳዳ ዘጋ፣ ጉድጓድ ሞላ። ያልተከካ ምስር ድፍን ምስር ይባላል። ወሬ ከተማውን ሲያዳርስ «ድፍን አዲስ አበባ ሰምቶታል» እንላለን። አፉ ያልተከፈተ ቅል ምንም አይገባበትምና፣ ነገር የማይገባው ሰው ደግሞ «ድፍን ቅል» ተብሎ ይሰደባል። ብሩ የደረሰው የምስሩ ዕጣ ነው፤ እስኪከካ ድፍን ነው።

ቃሉ በደንብ የሚሠራው ታክሲ ውስጥ ነው። ገና በማለዳው ድፍን ሁለት መቶ ሲዘረጋለት ረዳቱ ፊቱ ይለዋወጣል። «በጠዋቱ ድፍን ይዛችሁ ትገባላችሁ እንዴ?» ይላል። ከዚያ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን በአንድ ኖት አጣምሮ «መልሳችሁን ተካፈሉ» ብሎ ያወርዳቸዋል። ባለሱቁ ዘዴው ሌላ ነው፤ በጎደለው መልስ ፋንታ ማስቲካ ያቀብላል። ማስቲካ ፈልገህ እንደሆነ የሚጠይቅህ የለም።

ድፍን ማመካኛም ነው። የታክሲ ሒሳብ የሚከፈልበት ሰዓት ሲደርስ «ውይ፣ እኔ እኮ ድፍን ነው የያዝኩት» የሚል ወዳጅ የሌለው ማን አለ? ውሸት ነው ብለህ ኪሱን አትፈትሽም። ቃሉን ከልብ የሚናገሩም አሉ። አንዳንዶች ድፍን ብር መዘርዘር ይፈራሉ። «አንዴ ከተዘረዘረማ አለቀ» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው፣ ዝርዝር ብር እጅ ላይ አይቆይም።

የዝርዝሩ ወገን በዱሮ ጊዜ ስም አላነሰውም ነበር። 25 ሳንቲም ስሙኒ፣ 50 ሳንቲም ሽልንግ ይባል ነበር። ዛሬ ስሙኒ የሚገዛው ነገር ስለሌለ ስሙን የሚያነሱት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ድፍን ግን የትኛውም ኖት ላይ ስለሚቀመጥ አላረጀም። ለብዙ ዓመታት ትልቁ ድፍን መቶ ብር ነበር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ኖት ሲወጣ ማዕረጉ ወደ እሱ ዞረ። አሁን ድፍን መቶ ይዞ የሚገባን ተሳፋሪ ረዳቱም ብዙ አይቆጣውም።

ማመካኛው ግን እየከበደው ነው። በ2013 ግንቦት ላይ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ «ድፍን ነው የያዝኩት» ላለ ሰው መልሱ አጭር ሆኗል፦ «ችግር የለም፣ በስልክ ላክልኝ»።