ኢ-ፔፐር ምንድን ነው? ስላላንጸባረቀ ብቻ ኢ-ፔፐር አይባልም

ለንባብ የትኛውን ታብሌት ልግዛ ብሎ ለጠየቀ ሰው አንዱ «ይሄ ኢ-ፔፐር ነው፤ አያንጸባርቅም፣ ቪዲዮም እንደ ስልክ ያሳያል» ብሎ መለሰለት። የመጨረሻዋ ሐረግ መልሱን በሙሉ አፈረሰችው፤ ኢ-ፔፐር ቪዲዮን እንደ ስልክ አያሳይም። ሸካራ መስታወት የለበሰ ኤልሲዲ (የተለመደው የታብሌት ስክሪን) ያው ኤልሲዲ ነው። የቲሲኤል ኔክስትፔፐር 11 ለምሳሌ ስሙ ላይ «ፔፐር» አለበት እንጂ ከጀርባው የሚበራ ኤልሲዲ ነው። መጥፎ ዕቃ ነው አላልኩም፤ ሌላ ዕቃ ነው።

ጥቁር ሰሌዳን አስቡ። መምህሩ በጠመኔ ጽፎ ቢወጣ ጽሑፉ እዚያው ይቆያል፤ ለመቆየት ምንም አይፈልግም። ብዙው ኢ-ፔፐር የሚሠራበት ኢ-ኢንክም እንዲሁ ነው። በደቃቃ እንክብሎች ውስጥ ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች አሉ። ኤሌክትሪኩ አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ይስባል፤ ሲቋረጥ ባሉበት ይቀራሉ። ባትሪው ሳምንታት የሚቆየው ግዙፍ ስለሆነ ሳይሆን ስክሪኑ ገጽ ሲቀየር ብቻ ስለሚበላ ነው። (ዋይፋይና መብራት ክፍት ትታችሁ «ውሸት ነው» አትበሉኝ።)

ሰሌዳ ሲጠፋ የጠመኔ ብናኝ ይቀራል አይደል? ያለፈው ገጽ እንደ ጥላ የሚታየው እሱ ነው። ስክሪኑ አልፎ አልፎ ብልጭ ብሎ ጥቁርና ነጭ የሚሆነውም ተበላሽቶ ሳይሆን ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለ ነው። እያጠፉ እየጻፉ ፊልም ማሳየት ደግሞ ምን እንደሚመስል ገምቱት።

ሲመሽ ሰሌዳውን ለማንበብ ከፊቱ መብራት ታበራላችሁ። እዚህም መብራቱ ከፊት ነው፤ ግን ሰማያዊ ብርሃንም የሚሰጥ ኤልኢዲ ነው። ስለዚህ «ሰማያዊ ብርሃን ጭራሽ የለውም» የሚለው ወሬ መብራቱን እስክታበሩ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ባለቀለሙስ? ካሌይዶ የሚባለው ዓይነት ባለቀለም ጠመኔ አይደለም፤ ሰሌዳው ላይ ባለቀለም ሴሎፎን እንደ መለጠፍ ነው። ጨለም ይላል። በካሌይዶ 3 ጥቁርና ነጩ በኢንች 300 ነጥብ ሲሆን ቀለሙ 150 ብቻ ነው።

ሥራዬ የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበር ስለሆነ ያልተጠየቅሁትን ልጨምር። እጃችን ላይ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ብዙው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፤ ፎቶ ስለሆነ ፊደሉን ብቻ ማተለቅ አይቻልም። የ6 ኢንች ስክሪን ወርዱ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኤ4 ወረቀት 21 ነው። በ12 ነጥብ (ፖይንት፣ የፊደል መጠን መለኪያ) የተጻፈው ወደ 5 ነጥብ ይወርዳል ማለት ነው። በ5 ነጥብ «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የምትለየው አናት ላይ ያለችው ጭረት ትጠፋለች፤ አንባቢው በግምት ይሄዳል። 10.3 ኢንች ላይ ያው ገጽ ከ8 ነጥብ በላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ ይነበባል። ልብ ወለድ ብቻ በኢፐብ (ፊደሉን ማሳደግ በሚቻልበት የመጽሐፍ ፋይል) የምታነቡ ከሆነ ግን ለትልቁ ገንዘብ አታውጡ።

ስትገዙ የራሳችሁን ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ከፍታችሁ፣ መብራቱን ዜሮ አድርጋችሁ፣ ወደ ሱቁ በራፍ ፀሐይ ላይ ውጡ። ኢ-ፔፐር ከሆነ ጽሑፉ ይበልጥ ይጎላል። ሻጩ ከኋላችሁ «ኧረ ፀሐይ ላይማ አይታይም፣ ግቡ» ካለ፣ የያዛችሁትን ራሱ ነግሯችኋል።