«ናፍጣ ሞተር አይሞትም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች፦ ያገለገለ ፎር ባይ ፎር ለሚገዛ ሰው

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ለቤተሰብም ለገጠር መንገድም የሚሆን የናፍጣ መኪና የሚፈልግ ሰው አገር ውስጥ ካለው ላይ መምረጥ ግድ ሆኖበታል። የቶዮታ ፕራዶ፣ ሰርፍ፣ ሃይሉክስ፣ ሃርድ ቶፕ፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ዋጋቸው የዕድሜ ልክ ቁጠባ የሚጨርስ ሆኖ ሳለ ገዢው የሚመራው ከደላላ አፍ በሰማው ነው። በየጊዜው የምንሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ናፍጣ ሞተር አይሞትም»

ይሞታል። በብዛት የሚገድለውም ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሞተር ውሃ በዚህ ሙቀት የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ብቻ ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ሽቅብ ላይ ውሃው ይፈላል፤ ቀጥሎ ያለው የቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል፣ ጉዳይ ነው።

በዚህ በኩል በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ በ90 ፕራዶና በሰርፍ ላይ የሚገኘውን ባለ 3.0 ሊትር ዋን ኬ ዜድ ሞተር ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ አንዴ ክፉኛ ከሞቀ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሙቀት መርፌም አትመኑት። የቶዮታ መርፌ በሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሐል ላይ ቆሞ ይቆያል፤ ከመሐል ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ «አስነስቼ ሰማሁት፣ ድምፁ ሰላም ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሻጩ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት አሙቆ ከጠበቃችሁ ጨዋነት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ። መኪናው አድሮ መቀዝቀዝ አለበት። ኮፈኑን ከፍታችሁ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ለብ ካለ ሂዱ።

ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ከታየ ወይም ክዳኑ ሥር ቡናማ ጭቃ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ንጹሕ ከሆነ ክዳኑን ገጥማችሁ ሌላ ሰው ያስነሳው፤ እናንተ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ጨብጣችሁ ጠብቁ። ደህና ሞተር ላይ ቱቦው ለብዙ ደቂቃ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ የሚጠነክረው ውሃው ሲሞቅ ነው። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቱቦው እንደ ዱላ ከደረቀ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ከሲሊንደር ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ወይ በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ ወይ ቴስታታው ተሰንጥቋል። ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ይህን መኪና አትግዙ።

ጭሱንም በዚያው ሰዓት እዩ። ሲነሳ የሚወጣ፣ የናፍጣ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የማሞቂያ ካንዴላ ወይም የኖዝል ጉዳይ ነው። ጣፋጭ ሽታ ያለውና ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ኩላንት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሃርድ ቶፕ ላይ የሚገኘው፣ ቱርቦ የሌለው ዋን ኤች ዜድ ሞተር ሽቅብ ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ግን አትደንግጡ፤ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ናፍጣው በሙሉ አይቃጠልም። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። በቀስታ መንቀጥቀጡ ጤና ነው። ተፈናጥሮ ከወደቀና ጭስ እየተግተለተለ ከወጣ የፒስተን ፋሻዎቹ አልቀዋል።

በመጨረሻ ወደ እንጦጦ ውጡበት፤ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ጭነህ እየነዳህ እንዳለህ አድርገህ። ስትመለስ ኩላንቱ ቀንሶ እንደሆነ እይ፤ ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አትክፈት።

«ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ይቀዘቅዛል»

ይህን ምክር የሚሰጥ መካኒክ ዘንድ መኪና አትስጡ። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታቱ (የውሃውን ፍሰት እንደ ሙቀቱ የሚቆጣጠረው ክፍል) ሲከፈት በታችኛው ሳህኑ የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ቴርሞስታት የሌለው መኪና ስታገኙ «ለምን ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ አንድ ነው፣ ይሞቅ ነበር። «ውሃ ብቻ ይበቃል» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። አሉሚኒየም ቴስታታ በቧንቧ ውሃ ይበላል፤ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ይደባለቃል።

«ዲ ፎር ዲ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ»

ዲ ፎር ዲ የቶዮታ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች ስም ነው። ከእነሱ አንዱ የሆነው የ120 ፕራዶው ዋን ኬ ዲ ጥሩ ሞተር ነው፣ ግን ቆሻሻ ናፍጣ አይችልም። ትልቁ ድክመቱ ደግሞ ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ዋሸሮች ናቸው። ሲያልቁ የሚቃጠለው ጋዝ አልፎ ዘይቱን ያጠቁረዋል፤ የተጋገረው ጥላሸት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቱ ሲደፈን ዘይት አይደርስም፣ ሞተሩ በአንድ ቀን ያልቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ሻጩ እንቢ ካለ ዋጋው ላይ የዋሸሮቹንና የኢንጀክተሮቹን ወጪ አስቀንሱ። ኮምፒውተር ያለው ጋራዥም የየኢንጀክተሩን ማስተካከያ ንባብ ያውጣላችሁ፤ ከ3 የበለጠ ወይም ከ-3 ያነሰ ኢንጀክተር ደክሟል።

የታይሚንግ ቺንጋ በዋን ኬ ዲ በየ150,000፣ በዋን ኤች ዜድ በየ100,000 ኪሎሜትር ይቀየራል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቺንጋ ማስታወሻ መብራት መጥፋቱ ቺንጋው ለመቀየሩ ማስረጃ አይሆንም፤ መብራቱ ቺንጋው ሳይነካም ይጠፋል። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ይጋጫሉ።

«ኪሎሜትሩ ትንሽ ነው»

ቁጥሩ ይመለሳል። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማና የመሪውን ቆዳ እዩ።

«ፎር ባይ ፎር ከሆነ የትም አይቀርም»

ሃይሉክስና ሃርድ ቶፕ ላይ ፎር ሲገባ የፊቱና የኋላው አክስል እኩል ይሽከረከራሉ እንጂ ግራና ቀኙ አይቆለፍም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ አየር ላይ ከቀረ፣ ግራና ቀኙን የሚቆልፍ ዲፈረንሻል ሎክ ከሌለ፣ እነዚያ ሁለቱ ይሽከረከራሉ፣ መኪናው ይቆማል። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር አስገብቶ መንዳትም ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ያስጨንቃል።

ፈተናውን ጠጠር ላይ አድርጉ። የፊት ጎማዎቹን ፍሪ ዊል (መሐላቸው ላይ ያለውን መቆለፊያ) ወደ ሎክ አዙሩ፣ ፎር አስገቡ፣ መሪውን ጥግ ድረስ ጠምዝዛችሁ በዝግታ ንዱ። መያዝ፣ መንገጫገጭ አለበት። እንደ ሁለት ጎማ መኪና በቀላሉ ከዞረ ፊቱ እየሠራ አይደለም። ቀጭ ቀጭ ካለ የፊት ጆይንቱ አልቋል። ከዚያ ፎር ሎው፣ አንደኛ ማርሽ፣ ያለ ፍሬን ቁልቁለት ውረዱ፤ ማርሹ ከተፈናጠረ ካምቢዮው መፈታት አለበት። ሃርድ ቶፕ ላይ ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ጎንበስ ብላችሁ ክቡን ብረት እዩ፤ ግሪስና ዘይት እንደ ገንፎ ተደባልቆ ከወጣ የውስጡ የዘይት ማገጃ ጎማ (ሲል) ተበልቷል።

«ሃርድ ቶፕ ለቤተሰብ ይሆናል፣ አሥር ሰው ይይዛል»

ሰው ይይዛል፤ ሕፃን ግን አይጠብቅም። የኋላ ወንበሮቹ በግራና በቀኝ ጎን ፊት ለፊት የተያዩ ናቸው። የሕፃን ወንበር በጎን በሚያይ መቀመጫ ላይ አይታሰርም፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ልጁ ወደ ጎን ነው የሚወረወረው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ፊት የሚያዩ ፕራዶ ፈልጉ፣ ከመግዛታችሁ በፊትም በየመቀመጫው ቀበቶውን ስባችሁ በድንገት ሲጎተት መያዙን አረጋግጡ።

«ሊብሬው ካለ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው»

የሻንሲው ቁጥር በቀኝ በኩል፣ ከፊተኛው ጎማ አጠገብ፣ ሻንሲው ላይ ተቀርጿል። ጭቃውን በጨርቅ ጠርጉና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ ወይም አዲስ ቀለም ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።