የላቲን አሜሪካ ምግብ አሠራር ትምህርት፣ ከጎንደር ጓዳ ሲታይ

"የላቲን ምግብ ልማር ነው" ብዬ ለእናቴ ስነግራት የመጣላት ቋንቋው ነው። "ልጄ፣ ግዕዙን ሳትጨርሺ ላቲን?" አለችኝ። ጎንደር የቅኔና የአቋቋም አገር ናትና አልፈረድኩባትም።

ላቲን አሜሪካ የሚባለው ከሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ቺሊና አርጀንቲና ጫፍ የተዘረጋው ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ሕዝቡ በብዛት ከሚናገራቸው ከስፓኒሽና ከፖርቹጊዝ ነው። ሁለቱም የላቲን ልጆች ናቸው። ምግቡ ግን አንድ አይደለም። ሜክሲኮ በቆሎና በርበሬ ነው። ፔሩ ድንችና የባሕር አሳ፣ አርጀንቲና በፍም የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ ብራዚል ደግሞ ሩዝ፣ ቦሎቄና ካሳቫ። ሁሉንም ጠቅልሎ "የላቲን ምግብ" ማለት ሽሮና ኩስኩስን "የአፍሪካ ምግብ" ብሎ አንድ ድስት ውስጥ እንደ መክተት ነው።

እንደ ሜክሲኮ ሲቲ፣ ሊማና ኒውዮርክ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ይህን ምግብ ማስተማር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ ትምህርቱ የግማሽ ቀን ነው፣ ተማሪውም ጥቂት ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከገበያ ነው። አስተማሪዋ በርበሬ እያስመረጠች ትዞራለች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ይገባል፣ መጨረሻ ላይ የተሠራው አብሮ ይበላል። ዩኔስኮ የሜክሲኮን ባህላዊ ምግብ እ.ኤ.አ. በ2010 በቅርስነት መመዝገቡ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ክብር ጨምሮለታል። ሴቪቼ የሚባለው የፔሩ የአሳ ምግብም በ2023 ተከትሏል።

እኛ ጎንደር የምንማረው እንዲህ አይደለም። አራት ጓደኛሞች፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ከሰል ምድጃ። ከመካከላችን ስፓኒሽ የሚያውቅ የለም። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን እንግዳ ምግብ ለከተማዋ ብርቅ አይደለም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. እስከ ኅዳር 1941 እዚህ መሽጎ ነበር። እሱ ሄዶ ፓስታው ቀርቷል።

ደግሞም ግማሹ ዕቃ ደጃችን ነው። ቅዳሜ ገበያ ግቡ። ቲማቲም፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ዱባ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ ኦቾሎኒ፣ ቃሪያ፣ በርበሬ። የሁሉም ትውልድ የአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት በእኛ በኩል ያለ ሰው እነዚህን አያውቃቸውም ነበር። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባለው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1858 ገደማ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን። ስለዚህ በአፄ ፋሲል ግብር ላይ ድንች ወጥ አልቀረበም ማለት ነው። ዛሬ የዳባትና የደባርቅ ድንች ከጎንደር ገበያ ቢጠፋ ግን ጾሙን እንዴት እንደምናልፈው እንጃ።

ከሁሉ የገረመኝ የበርበሬው ነገር ነው። እኛ እርጥቡን ቃሪያ፣ ቀልቶ ሲደርቅ በርበሬ እንለዋለን። ሜክሲኮዎችም ሲደርቅ ስም ይቀይሩለታል። ፖብላኖ ደርቆ አንቾ ይባላል። ሃላፔኞ ቀልቶ በጭስ ሲደርቅ ቺፖትሌ ይሆናል። መንገዳችን የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ በርበሬውን ከነቅመሙ አስፈጭተን ለከርሞ እናስቀምጣለን። እነሱ ደረቁን ለዕለቱ ምጣድ ላይ ሞቅ ያደርጉታል፣ ፍሬውን ያራግፋሉ፣ በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፉትና ይፈጩታል። ጥቂት ሰከንድ ካለፈው ያርራል። ካረረ ደግሞ ምሬቱ በምንም አይመለስም።

ጀማሪ ሳልሳ ከሚባለው ማባያ ቢጀምር ጥሩ ነው። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ያለ ዘይት የጋለ ምጣድ ላይ ጠቆር ጠቆር እስኪል ይገላበጣል። እዚያ አገር ይህን የሚደቁሱበት ሞልካሄቴ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሙቀጫ አለ። ለእኛ የቤታችን ሙቀጫ ይበቃናል። ጨው፣ ሎሚ፣ አለቀ። ድንብላል ቅጠሉ ይጨመርበታል፤ እኛ ዘሩን እንጂ ቅጠሉን ብዙም አንጠቀምም። ለቅመም የተገዛውን ዘር አሮጌ ጀሪካን ውስጥ መዝራት ነው፣ ይበቅላል። አንዳንዱ ሰው ቅጠሉን ሲቀምስ ሳሙና ሳሙና ይለዋል። ያ አፈጣጠር ነው፣ አትጣሉት።

ሶፍሪቶ የሚሉት ደግሞ የእነሱ ቁሌት ነው። የእኛ ባለሙያ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ታቁላላዋለች፣ እስኪሟሟ ትታገሠዋለች። የሶፍሪቶ ሽንኩርት ገና ከመነሻው ዘይት ውስጥ ነው የሚገባው፤ ለስለስ ሲል ቲማቲሙ ይከተላል። እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው። ቶሎ በቃ ማለት እጄ እምቢ አለኝ።

ዋናው ትምህርት ግን በቆሎ ነው። የመጀመሪያ ቀን ከወፍጮ ቤት የመጣ የበቆሎ ዱቄት በውሃ ለወስን። ቶርቲያ፣ ማለትም የሜክሲኮ ስስ ቂጣ፣ እናወጣለን ብለን ነው። ምጣድ ላይ ሳይደርስ ተፈረካከሰ። ዱቄቱን ረገምን፣ ወፍጮውን ረገምን። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

የቶርቲያ በቆሎ ጥሬውን አይፈጭም። መጀመሪያ በኖራ ውሃ ይቀቀላል። ለአንድ ኪሎ ደረቅ በቆሎ አሥር ግራም ገደማ የምግብ ኖራና ሦስት ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ፈልቶ እዚያው ያድራል። ጠዋት ሲታጠብ ልጣጩ ይለቃል። ይህ ኒሽታማል ይባላል። ኖራው የልጣጩን ማጣበቂያ ይፈታዋል፣ ለዚህም ነው ሊጡ የሚያያዘው። እርጥቡ በቆሎ በጥንቱ ዘዴ የሚፈጨው ሜታቴ በሚባል ድንጋይ ላይ ነው፤ የሴት አያቶቻችንን ወፍጮና መጅ ያየ ሰው አይደንቀውም። እኛ በሥጋ መፍጫ ደጋግመን አሳለፍነው፣ ሠራ። ሊጡን በስፓኒሽ "ማሳ" ይሉታል። እኛ ማሳ ስንል እርሻው፣ እነሱ ማሳ ሲሉ ሊጡ። ይህን ያወቅን ዕለት ሥራ ፈትተን ሳቅን።

ዘዴው ለመያያዝ ብቻ አይደለም። በቆሎ ውስጥ ያለው ኒያሲን የሚባል ቫይታሚን ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ኖራው ይፈታዋል። በቆሎን ወደ አውሮፓ የወሰዱት ሰዎች ዘሩን ወሰዱ፣ ዘዴውን ትተው ሄዱ። በዚህም ምክንያት በሰሜን ጣሊያን፣ በኋላም በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በቆሎ ብቻ የሚበላ ድሃ ፔላግራ በሚባል በሽታ አለቀ። ቆዳ የሚልጥ፣ አእምሮ የሚነካ በሽታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ለግንባታ የሚሸጥ ኖራ ለምግብ አይሆንም። የምግቡ ካልተገኘ ከንጹሕ እንጨት የወጣ አመድም ጥንት ለዚሁ ሥራ ይውል ነበር።

ይህ ሁሉ ካታከተ በስንዴ ዱቄት ጀምሩ። በሰሜን ሜክሲኮ የስንዴ ቶርቲያ የተለመደ ነው፤ ቂጣ የሚያውቅ እጅ በአንድ ቀን ይለምደዋል። የቬኔዝዌላና የኮሎምቢያው አሬፓ ወፈር ያለ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ዱቄቱ አስቀድሞ የበሰለ መሆን አለበት። ቬኔዝዌላ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ዱቄት ፓን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ከወጣ ወዲህ በቤት ውስጥ በቆሎ መውቀጥ እየቀረ ሄደ።

ቦሎቄ ላይ ታገሡ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሜክሲኮ ሲቲም 2,240 ሜትር ላይ ስለሆነች ችግራችን አንድ ነው። ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ውሃውን መቀየር፣ ከዚያ በደንብ ማፍላት። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ መጀመሪያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ካልተንተከተከ ሆድ ይረብሻል። ከሩዝ ጋር ሲሆን የኮስታሪካና የኒካራጓው ጋዮ ፒንቶ ይሆናል። በዘይት ከተሠራ የጾም ነው። በአቮካዶ፣ በሎሚና በቃሪያ የሚሠራው ጓካሞሌም እንዲሁ። ለጿሚ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የማይሆኑም አሉ። የብራዚሉ ፌጆዋዳ የአሳማ ሥጋ አለበት፣ እሱን እንለፈው። ሴቪቼ ደግሞ ጥሬ አሳ በሎሚ ነው፤ በባሕር አሳ ነው የሚሠራው። ከጣና በመጣ ቆሮሶ እንሞክር ያለ ጓደኛ ነበረን። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ጥገኛ ትል አይገድልም። አብስለን በላነው።

ሞሌ ግን ይሞከር። ደረቅ በርበሬ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ዘቢብ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ጥቂት ቸኮሌት ያለበት ወፍራም ወጥ ነው። አሠራሩ እንደ ከተማው ይለያያል። ሰሊጡ ከመተማ የመጣ ነበር። አሜሪካም ሰሊጥን ያገኘችው ከዚህኛው ዓለም ነው፣ ብድር መላሽ ይሉታል። እናቴ ቀምሳ "ይሄማ የእኛው በርበሬ ነው፤ ስኳር ማን ጨመረበት?" አለች።

ሙያ አድርጎ መያዝ የሚፈልግ ሰው በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚሰጠውን የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ቢወስድ ይሻለዋል። እዚያ ታኮ፣ ማለትም በቶርቲያ የሚጠቀለለውን ምግብ፣ ላይማር ይችላል። ቢላ አያያዝ፣ ንጽሕናና የዕቃ ሒሳብ ግን ከስልክ አይገኝም።

የእኛ ትምህርት የሚያልቀው በቡና ነው። ሜክሲኮዎች ካፌ ዴ ኦያ የሚሉት አላቸው። ቡናውን በሸክላ ድስት ከቀረፋና ከጥቁር የሸንኮራ ስኳር ጋር ያፈሉታል። እኛ ጀበናውን አልቀየርንም። እናቴ ቀረፋውን ዝም ብላ አሳለፈችው። ስኳሩ አብሮ መፍላቱን ግን እስካሁን አልተቀበለችም።